የቀረጻ ሙያ እንደ ወል ቅርስ፦ የቼክና የስሎቫክ የፖስታ ቴምብሮች

ቼኮዝሎቫኪያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1993 ፈርሳ በቼክ ሪፐብሊክና በስሎቫኪያ ስትተካ፣ የፌዴሬሽኑ ንብረት በመርሕ ደረጃ ሁለት ለአንድ ተከፈለ። መሣሪያና ገንዘብ ተቆጥሮ ይካፈላል፤ በአንድነት የዳበረ የኪነ ጥበብ ልማድ ግን በምን ሚዛን ይከፈላል? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በፖስታ ቴምብር አማካይነት ይመረምራል። የጋራው ቅርስ የሚገኘው በቴምብሮቹ ላይ በታተመው ሥዕል ሳይሆን ቴምብሮቹን ባስገኘው የቀረጻ ሙያ ውስጥ ነው የሚል አቋምም ይዟል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሥዕሉን እንመልከት። አዲሲቱ ሪፐብሊክ ከተመሠረተች ሁለት ወር ሳይሞላት፣ ዲሴምበር 18 ቀን 1918፣ የመጀመሪያዎቹን ቴምብሮች አወጣች። ንድፉ የሞራቪያው ተወላጅ የሠዓሊ አልፎንስ ሙኻ ሲሆን፣ ምስሉ በፕራግ የሚገኘውን የህራድቻኒ ቤተ መንግሥትና ካቴድራሉን ያሳያል። በፊተኞቹ ንድፎች ከካቴድራሉ ኋላ ፀሐይ ትወጣለች፤ በዚያ ስፍራ ፀሐይ ልትወጣ ስለማትችል በኋለኞቹ ላይ ተሰርዛለች። ለጉዳያችን ክብደት ያለው ግን ሌላ ነው፦ ጽሑፉ የሁለቱንም ሕዝቦች ስም ሲይዝ፣ ሥዕሉ የአንዱን ከተማ ብቻ ይዟል። በ1939 ደግሞ አገሪቱ ስትበታተን፣ በነባሮቹ ቴምብሮች ላይ በአንድ ወገን «የስሎቫክ መንግሥት»፣ በሌላው «ቦሄሚያና ሞራቪያ» የሚል ጽሑፍ ታተመባቸው። ምስሉ ሳይለወጥ ባለቤቱ ተለወጠ። እንግዲህ ሥዕል ለወል ቅርስነት የማያስተማምን ምስክር ነው።

ሙያው ግን ሌላ ታሪክ አለው። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ቼኮዝሎቫኪያ በብረት ቀረጻ የሚታተሙ ቴምብሮችን አዳበረች። ቀራጩ የሠዓሊውን ንድፍ ተቀብሎ፣ በቴምብሩ ትክክለኛ መጠን፣ ግራና ቀኙን አገላብጦ፣ በብረት ላይ መስመር በመስመር ይቀርጸዋል። ቀለም በመስመሮቹ ጎድጓዳ ውስጥ ይቀራል፤ ወረቀቱም በኃይል ሲጫን ቀለሙን ከዚያ ያነሣል። ጥላ የሚገኘው በመስመር ጥልቀትና ጥግግት ስለሆነ፣ የተሳሳተን መስመር ማረም እጅግ አዳጋች ነው። እንዲህ ያለው ዕውቀት ከመጽሐፍ ይልቅ ከመምህር ጎን ተቀምጦ የሚቀሰም ነው።

የመምህራኑን ሐረግ ስንከተል ድንበሩ ይደበዝዛል። ስሎቫኩ ቪንሰንት ህሎዥኒክ ከ1937 እስከ 1942 በፕራግ ተማረ፤ አገሪቱ በተበታተነችበት ዘመን እንኳ ትምህርቱ አልተቋረጠም። ኋላም በብራቲስላቫ የሥነ ጥበብ አካዳሚ አልቢን ብሩኖቭስኪን አስተማረ። ብሩኖቭስኪም በተራው ማርቲን ቺኖቭስኪን አሠለጠነ፤ ቺኖቭስኪ ከነጻነት በኋላ ለስሎቫኪያ ቴምብሮችን ከቀረጹት ዋነኞች አንዱ ሆነ።

ይህ ሐረግ ፕራግን መምህር፣ ብራቲስላቫን ተማሪ ብቻ አያደርግምን? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የመነሻውን አለመመጣጠን መካድም አይቻልም። ሆኖም ልማዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አልፈሰሰም፦ በ1980ዎቹ የወጡትን የፌዴሬሽኑን የመጨረሻ የገንዘብ ኖቶች የነደፈው ስሎቫኩ ብሩኖቭስኪ ነበር። በፕራግም በብራቲስላቫም ያሉ ሰዎች በኪሳቸው የያዙት የእርሱን ሥራ ነው። የወል ቅርስ ማለት እኩል መነሻ ሳይሆን፣ ሁለቱም የጨመሩበትና አንዱ ከሌላው ነጥሎ ሊተርከው የማይችል ነገር ማለት ነው።

ከ1993 በኋላም ትስስሩ ቀጠለ። በ1966 የተጀመረውን የሥነ ጥበብ ሥራዎችን በቴምብር የማሳየት ልማድ ሁለቱም አገሮች በየፊናቸው ያዙት፤ ብዙ የስሎቫክ ቴምብሮችም ለዓመታት የታተሙት በፕራግ ነው። ዛሬ ስጋቱ የባለቤትነት ክርክር አይደለም። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው እየቀነሰ፣ ርካሽ የህትመት ዘዴም የቀራጩን ቦታ እየወሰደ ነው። የታተሙት ቴምብሮች በየቤተ መዘክሩ ይቀመጣሉ፤ መስመር የሚቀርጸው እጅ ግን በመስታወት ሣጥን ውስጥ አይቀመጥም። ስለዚህ ቅርሱን መጠበቅ ማለት ከሁሉ አስቀድሞ የሚማር ሰው እንዳይጠፋ ማድረግ ነው፤ ይህም ሁለቱ አገሮች በየብቻቸው ከሚሠሩት ይልቅ በጋራ ቢይዙት የሚቀል ኃላፊነት ነው።