ለልጃችሁ ተራ ስጡ!

ማታ ነው። የክረምቱ ዝናብ የጎንደርን ቆርቆሮ ይደበድባል። የሁለት ዓመቱ ልጃችሁ ልብሳችሁን ይጎትታል፤ በጣቱ ወደ ጀሪካኑ ያሳያል። ምን ታደርጋላችሁ?

ትቀዱለታላችሁ። ቶሎ! አንድ ቃል ሳይወጣው።

እሱ ጠጣ። እናንተ ወደ ሥራችሁ ተመለሳችሁ። ግን አንድ ነገር አመለጠው፤ የመናገር ተራው።

«ልጄ አፉን አልፈታም» ትላላችሁ። ጎረቤት ያጽናናችኋል፤ «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው።» አያት ደግሞ «ዝምተኛ ልጅ ጨዋ ነው» ይላሉ። ዝምታ ሁሉ ግን ጨዋነት ነው? አንዳንዱ ዝምታ ተራ የማጣት ነው።

አፍ የሚፈታው በምንድን ነው? በውድ አሻንጉሊት? በስልክ ቪዲዮ?

በምልልስ!

ሦስት ነገር ብቻ ያዙ።

ተናገሩ። ልጁ የሚያየውን፣ እጃችሁ የያዘውን፣ አሁኑኑ። «ውሃ። ውሃ ልቅዳ?»

ጠብቁ። ዓይኑን እያያችሁ በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ይረዝማል? አዎ፣ ይረዝማል! ልጁ ቃሉን የሚፈልገው ግን በዚያች ፋታ ውስጥ ነው።

አንድ ጨምሩ። «ውሃ» ካለ «ቀዝቃዛ ውሃ» በሉት። «ው» ብቻ ቢልም «ውሃ!» ብላችሁ ስጡት። በጣቱ ማሳየትም መልስ ነው፤ ቃሉን እናንተ ጨምሩበት። «ካልተናገርክ አታገኝም» ብላችሁ ግን አታስጠሙት። ጨዋታ እንጂ ፈተና አይደለም።

«ጊዜ የለኝም» እንዳትሉኝ! የለመዳችሁትን ሥራ እያወራችሁ ሥሩት ነው ያልኩት። ደግሞ ዓመቱ ራሱ በየወቅቱ ትምህርቱን ይዞላችሁ ይመጣል።

መስከረም ጠባ? ልጁን ይዛችሁ ውጡ! አደይ አበባ ቅጠፉ። «ቢጫ አበባ። ይሄ ትልቅ። ይቺ ትንሽ።» አበባየሆሽ የሚጨፍሩ ልጃገረዶች ደጃችሁ ሲደርሱ ልጁን አቅፋችሁ ቁሙ። አንዷ ታወጣለች፤ ሌሎቹ አንዲት ቃል እየደጋገሙ ይቀበላሉ። ያችው ቃል፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ! ለአፍ ጀማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ከየት ይመጣል? ቤት ስትገቡ እናንተ አውጡ፤ መቀበያው ላይ ስትደርሱ ዝም በሉ። ልጁ ይሙላው።

የባቄላ እሸት ሲደርስ አብራችሁ ፈልፍሉ። «ክፈት! አንድ… ሁለት… አለቀ!» «አለቀ» ትንሽ ቃል ናት? ለልጅ ግን ሙሉ ወሬ ናት።

በጋ ገባ? ዳባትና ደባርቅ ገብስ ሲወቃ ልጁን አውድማ ዳር አስቀምጡት። መንሽ፣ ላይዳ፣ ገለባ፣ ምርት፤ ሁሉን በየስሙ ጥሩለት። ገለባው በነፋስ ሲነሣ «ሽቅብ!» ፍሬው ሲወድቅ «ቁልቁል!»

ከተማ ያላችሁስ? ጥር 11 ከፋሲለደስ መዋኛ ስትመለሱ የጥምቀቱን ወሬ እናንተ አትጨርሱት። ለልጁ አስተርፉለት። «መጀመሪያ ምን አየን? ከዚያስ?» መልሱ ካቃተው አማራጭ ስጡት፤ «ከበሮ ሰማህ ወይስ መለከት?» ወሬን በተራ መደርደር የሚለመደው እንዲህ ነው።

ጸደይ ነው? ባዶ ጣሳ ፈልጉ፤ አፈር ሙሉ፤ ሽምብራ ዝሩ። በየጠዋቱ አብራችሁ እዩ። «በቀለ ወይስ አልበቀለም?» አንድ ቀን ልጁ ሮጦ መጥቶ «በቀለ!» ይላችኋል። ያን ቀን አጨብጭቡ!

ክረምትስ? ክረምት ዋናው ወቅታችሁ ነው። የደባርቅ ብርድ ቤተሰቡን ሁሉ ምድጃ ዳር ይሰበስባል። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚለው ማነው? ልጁ! «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» የሚለውስ? ልጁ! መልሱ ቢጠፋው እንኳ «ሀገር ስጠኝ» ይባላል። እሱም «ጎንደርን ሰጠሁ» ይላል። ተሸናፊው ሳይቀር የሚናገርበት ጨዋታ ነው! ቆሎውን ግን ለትልልቆቹ ተዉት፤ ትንንሾቹን ያንቃል።

ነሐሴ 13 ቡሄ ሲመጣ ደግሞ ዱላ አስይዙት። የሆያ ሆዬ ተቀባይ የሚያወጣት አንዲት አጭር ድምፅ ናት። ቃል ያልጀመረ ልጅ እንኳ ይችላታል። ከታላላቆቹ ጋር መሬቱን ይምታ፤ ሙልሙሉን በድምፁ ያግኝ!

የስሜን ተራራ ጭላዳ ዝንጀሮዎችን አይታችኋል? ሣር ይነጫሉ፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያጉረመርሙ ይውላሉ። ቶር በርግማን የተባለ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ድምፃቸውን ቀድቶ አጠና። ከንፈራቸውን ቶሎ ቶሎ እየገጠሙ የሚያሰሙት ድምፅ ምቱ ከሰው ንግግር ምት ጋር እንደሚቀራረብ በ2013 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ዝንጀሮው እንኳ ከጎኑ ካለው ጋር በድምፅ ይቀራረባል። እናንተስ ማታ ማታ የምትቀራረቡት ከማን ጋር ነው? ከስልኩ ጋር?

እንግዲያው ስልኩን አስቀምጡ! የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን ጨርሶ አይመከርም። ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት አይለፍ ይላል፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ስክሪን ያወራል፤ የልጁን መልስ ግን አይጠብቅም።

ሌላም የምትተዉት አለ። «አፉ እንዲፈታ» ብላችሁ እንጥል አታስቆርጡ! ያደማል፤ ይመረዛል፤ ቃል አያመጣም። «ላስ» ሲል «ራስ በል!» ብላችሁ አታፋጡት። «አዎ፣ ራስህ!» በሉና እለፉ፤ «ረ» ለብዙ ልጅ ዘግይታ ትመጣለች። የሚንተባተብ ከሆነ ቃሉን አትጨርሱለት፤ «ቀስ በል» እያላችሁም አታስጨንቁት። ራሳችሁ ቀስ በሉ። እሱ ይከተላችኋል።

ቀኑን ግን ቁጠሩ! ዓመት ሞልቶት «ባባ፣ ዳዳ» እያለ በድምፅ የማይጫወት ወይም ሲጠሩት የማይዞር፣ ሁለት ዓመት ሞልቶት «እማ ነይ» ብሎ ሁለት ቃል የማያጋጥም፣ ይናገረው የነበረውን ቃል የተወ ልጅ አለ? «ይደርሳል» ብላችሁ አትቀመጡ። ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መጀመሪያ ጆሮው ይታይ፤ በተለይ መግል የሚወጣው ከሆነ። ጆሮ ያልሰማውን አፍ ከየት ያመጣዋል?

ጎንደር ላይ ደግሞ ሌላ በር አለላችሁ። በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር ያሠለጠነው ገጠር ወርደው የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎችን ነበር። ዛሬ የፊዚዮቴራፒና የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያዎችንም ያስተምራል። ጠይቁ፤ ማፈር የለም! ባለሙያው በሳምንት አንድ ሰዓት ቢያየው የቀረው ቀን ሁሉ የእናንተ ነው።

አንዲት እናት ምን ልትሠራ ትችላለች? ዘሚ የኑስን አስታውሱ። ልጇ ኦቲዝም ነበረበት፤ የሚቀበለው ትምህርት ቤት ስታጣ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። በአማርኛ ፊደል ድምፆች ላይ የተመሠረተ «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተባለ ማስተማሪያም አዘጋጀች። መፍትሔውን ከየት አነሣችው? ሁላችን በልጅነታችን ከዘመርነው ከሀሁ! እሷ በ2021 እ.ኤ.አ. አረፈች፤ ሥራዋ ግን ቀረ።

እናንተ ማዕከል ክፈቱ አልተባላችሁም። አንድ ልማድ ጀምሩ ነው የተባላችሁት። በቀን አሥር ደቂቃ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፤ ቡና ሲፈላ፣ እንጀራ ሲጋገር ወይም እግር ሲታጠብ። አባትም፣ አያትም፣ ታላቅ እኅትም ተራ ይግቡ።

አሁን ወደ ጀሪካኑ እንመለስ። ዛሬ ማታ ልጁ ልብሳችሁን ይጎትታል። ቁጭ በሉ። ዓይኑን እዩት። «ውሃ?» በሉት።

ከዚያ አፋችሁን ዝጉና እስከ አምስት ቁጠሩ። ተራው የእሱ ነው።