ልጅዎ በሄዚንግ ቢጎዳ፦ ክሱ የማን ነው? ጊዜውስ ስንት ነው?

የአሜሪካ ኮሌጅ ማኅበራት፣ በተለይም ፍራተርኒቲ የሚባሉት፣ አዲስ ገቢውን በግዳጅ መጠጥ፣ በድብደባና በውርደት ሲፈትኑት ድርጊቱ ሄዚንግ ይባላል። ልጁ ሲጎዳ ከማኅበርተኞቹ የሚሰማው ቃል «ራሱ ፈቅዶ ነው» የሚል ነው። ይህን ሰምተው አንገትዎን አይድፉ። በፔንሲልቬንያና በብዙ ሌሎች ስቴቶች የተጎጂው ፈቃድ ከተጠያቂነት አያድንም።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2017 በፔንሲልቬንያ ያለው የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የ19 ዓመቱ ቲሞቲ ፒያሳ በፍራተርኒቲ ሄዚንግ ብዙ መጠጥ ከጠጣ በኋላ ከደረጃ ወደቀ። ማኅበርተኞቹ አምቡላንስ የጠሩት 12 ሰዓታት ያህል አሳልፈው ነው፤ ልጁም ሞተ። የሌሊቱን ሁኔታ ያጋለጡት የማኅበሩ ቤት ካሜራዎች ናቸው። ወላጆቹ ዝም አላሉም፤ በ2018 በልጃቸው ስም የሚጠራ ሕግ ጸደቀ፤ ለሞት ወይም ለከባድ ጉዳት የሚዳርግ ሄዚንግም በስቴቱ ከባድ ወንጀል ሆነ።

የወንጀሉን ክስ የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ቤተሰቡ አያዝበትም። የካሳው ክስ ግን የልጅዎ፣ ልጁ ከሞተም የቤተሰቡ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ባይከስስ ወይም ቢሸነፍ እንኳ መንገዱ አይዘጋም። ድርጊቱን የፈጸሙት ተማሪዎች፣ ማኅበሩና ብሔራዊ ጽሕፈት ቤቱ፣ አንዳንዴም ዩኒቨርሲቲው ሊከሰሱ ይችላሉ። ተማሪው ገንዘብ ባይኖረው የወላጆቹ የቤት ኢንሹራንስ የሚከፍልበት ጊዜ አለ። ኦሃዮ ውስጥ ያለው ቦውሊንግ ግሪን ዩኒቨርሲቲ በ2021 በሄዚንግ ለሞተ ተማሪ ቤተሰብ 2.9 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል በ2023 ተስማምቷል።

የወንጀሉ ፍርድ እስኪያልቅ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ አደገኛ ነው፤ የካሳው ይርጋ አይጠብቅም። በፔንሲልቬንያ በአብዛኛው 2 ዓመት ነው። ተከሳሹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ደግሞ ቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል፦ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በ1 ዓመት፣ በካሊፎርኒያ በአብዛኛው በ6 ወር ውስጥ።

ማስረጃም ይጠፋል። የልጁን ስልክ ማንም አይንካው፤ የሕክምና መዝገቡን ይጠይቁ፤ የካሜራ ምስልና የቡድን መልእክት እንዳይሰረዝ ጠበቃ በፍጥነት ደብዳቤ ይጻፍ። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ ስልክ ማሰብ ጭካኔ ይመስላል፤ እርስዎ ካልቻሉ ለአጎት ወይም ለአክስት አደራ ይስጡ። ከዩኒቨርሲቲም ሆነ ከኢንሹራንስ በሚመጣ ወረቀት ላይ ጠበቃ ሳያየው አይፈርሙ። የጠበቃ ክፍያም አያስፈራዎ፤ እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚይዙ ብዙዎቹ ጠበቆች ቅድመ ክፍያ አይቀበሉም፣ ካሳው ሲገኝ ብዙ ጊዜ ሲሶውን ያህል ይወስዳሉ።