ከቁራው የምንማረው



ቀጨኔ ከእንጦጦ ሥር ያለች ሰፈር ናት። ስለዚህ የዱር እንስሳት ጎረቤቶቻችን ናቸው። ቀን ቀን ጭላት ከጣሪያችን በላይ ያንዣብባል። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ምንቃሩ ወፍራም የሆነው ትልቁ ቁራ ቆሻሻ ያገላብጣል። ይህ ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይገኝም። ለሱብሒ የሚነሳ ሰው ደግሞ የጅቡን ጩኸት ያውቀዋል።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል አንዓም 38ኛ አንቀጽ፣ በምድር የሚሄዱትም ሆኑ በክንፋቸው የሚበሩት እንደኛው ሕዝቦች መሆናቸውን ነግሮናል። እስኪ ጅብን እንመልከት። የሚኖረው በመንጋ ነው፤ መንጋውን የምትመራው ሴቷ ናት። በጩኸታቸው ማን ማን እንደሆነ ይለያያሉ። አጥንት ሳይቀር ስለሚፈጭ ኩሱ ሲደርቅ ነጭ ይሆናል። ጠዋት ወንዝ ዳር ያንን ያየ ሰው ሌሊት ማን እንዳለፈ ያውቃል። ሱብሓነላህ!

ቁራ ደግሞ አስተማሪ ሆኖ ተልኳል። በሱረቱል ማኢዳ 31ኛ አንቀጽ እንደተነገረን፣ የአደም ልጅ ወንድሙን ገድሎ ሬሳውን ምን እንደሚያደርገው ሲቸገር አላህ መሬት የሚጭር ቁራ ላከለት። መቅበርን ያወቀው ያንን ወፍ ተመልክቶ ነው።

እኛስ ከቁራው ተምረናል? ዐረፋ በመጣ ቁጥር ፈርሱና አንጀቱ ወንዝ ዳር ይጣላል። ሽታው ጅብን ወደ ደጃፋችን፣ ውጭ ወደሚያድረውም ምስኪን ይጠራል። ከዚያ "ጅብ አስቸገረን" ብለን በድንጋይ እናሳድዳለን። የጠራነው ግን እኛው ነን።

ስለዚህ ኡድሒያ ያረደ፣ ግቢው ቦታ ካለው ትርፉን ጠልቆ ይቅበር፤ ከሌለው አጥብቆ ቋጥሮ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ያስረክብ። ጅብ ስታዩ አትቅረቡት፣ አትተንኩሱትም። ቁራ የሚወግሩ ታናናሾቻችሁን ደግሞ በፍቅር መልሷቸው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተጠማ ውሻ ያጠጣ ሰው ወንጀሉ እንደተማረለት ነግረውናል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ለእንስሳ ማዘን ትንሽ ሥራ አይደለም።

ዛሬ ከጁሙዓ ሰላት ስትመለሱ ስልካችሁን ኪስ ክተቱና ቀና በሉ። ከላያችሁ ማን እየበረረ ነው?

አላህ ፍጥረቱን አይተው ከሚያስተነትኑት ያድርገን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ!