ምዕራፍ 7፦ እምቢ ያለው ማርሽ

ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ሼናንዶዋ ተራራ ላይ ሊያድር የወጣ አንድ ወዳጄ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደወለልኝ። ዕድሜው ሃምሳ ዓመት የተጠጋ ሞተርሆም አለው፤ አልጋው፣ ምድጃው፣ ረከቦቱ ሳይቀር ውስጡ ነው። ሞተሩ ይነሳል፣ ማርሹ ግን ከ«ፒ» (ከማቆሚያው) ንቅንቅ አልል ብሏል።

«ምን አደረግህ?» አልኩት።

«በሁለት እጄ ሳብኩታ!»

በዚያ ጉተታ መሪው ሥር ያለችው የፕላስቲክ ማያያዣ ተሰብራ ኖሮ፣ ለአንድ ብልሽት ሁለት ዕቃ ገዛን።

በእንደዚህ ዓይነቱ መኪና የማርሹ እጀታ ከካምቢዮው ጋር በቀጥታ አይገናኝም። መካከላቸው ኬብል አለ፤ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ታላቅ ወንድም ይበሉት። የብስክሌቱ መጎተት ብቻ ነው ሥራው፤ ይሄኛው መግፋትም ስላለበት ሽቦው ወፈር፣ ሽፋኑም ጠንከር ይላል። በሽቦውና በሽፋኑ መካከል ደግሞ ስስ የፕላስቲክ ቱቦ አለ። ጫፎቹ ላይ ያሉት የላስቲክ ቆቦች በዕድሜ ሲሰነጠቁ ውሃ ይሰርጋል፤ ሽቦው ይዝጋል። ሌላው ጠላት ሙቀት ነው። ሞተሩ የሚቀመጠው በሹፌሩና በጎኑ ባለው ወንበር መካከል፣ ክዳን ተደፍቶበት ስለሆነ፣ የጭስ ማውጫው ቧንቧ ለኬብሉ ቅርብ ነው። የወዳጄን ኬብል አውጥቼ ስቀደው፣ በቧንቧው አጠገብ ያለፈው አንድ ስንዝር ያህል ፕላስቲክ ቀልጦ ሽቦው ላይ እንደታኘከ ማስቲካ ተጣብቋል። የቀረው ርዝመት አዲስ ይመስላል።

ብልሽቱ የኬብሉ ይሁን የካምቢዮው መለየት ቀላል ነው፤ ግን ከሥር መግባት ይጠይቃል። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ ተዳፋት ላይ ከሆነ ክብደቱ «ፒ» ላይ የሚይዘውን ጥርስ ነክሶ ስለሚያስቀረው ምርመራው ራሱ ያሳስትዎታል። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ኪስዎ ይግባ፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግላቸው። ይህን «አውቀዋለሁ» ብለው እንዳያልፉት፤ የኬብሉ ጫፍ የሚታሰርበትን የካምቢዮውን ክንድ በእጅዎ ሲገፉ ያንን ጥርስ የሚያላቅቁት እርስዎ ነዎት፤ ከላይዎ ያለው ደግሞ ቶኖች የሚመዝን ቤት ነው። ከከባዶቹ የድሮ ሻንሲዎች መካከል ጭራሽ «ፒ» የሌላቸውም አሉ። ማንሳት ካስፈለገ ክሪክን ብቻ አምኖ ከሥር መተኛት የለም።

አሁን ኬብሉን ከካምቢዮው ክንድ ይፍቱትና ክንዱን በእጅዎ ያንቀሳቅሱ። ጤነኛ ከሆነ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ከማረፊያ ማረፊያ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ብዙ ሞተርሆሞች በዶጅ ሻንሲ ላይ ይሠሩ ነበር፤ ካምቢዮአቸው ቶርክፍላይት 727 ሲሆን፣ «ፒ» ያለው ስድስት ማረፊያ አለው፦ ፒ፣ አር፣ ኤን፣ ዲ፣ 2 እና 1። ክንዱ እንዲህ ከታዘዘ፣ እጀታው ግን አሁንም ከደረቀ፣ ደስ ይበልዎ፤ ችግሩ ኬብሉ ወይም ከላይ ያለው ማያያዣ ነው። ክንዱ ራሱ እምቢ ካለ ግን ይህን ምዕራፍ ይዝጉና የካምቢዮ ባለሙያ ይጥሩ።

«ዘይት ብንፋበትስ?» የሚል አይጠፋም። ለጥቂት ቀን ይፈታ ይሆናል። የቀለጠ ፕላስቲክ ግን በዘይት አይድንም፤ ዝገትም ቦታውን አይለቅም። ዳግመኛ የሚደርቅበትን ሰዓት ደግሞ እርስዎ አይመርጡትም።

አዲስ አበባ ቢሆን ሶማሌ ተራ ወርደን የሌላ መኪና ኬብል እናገጣጥም ነበር። አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ዕድሜ መኪና መደርደሪያ ላይ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ኬብል እምብዛም ባይገኝም፣ በልክ የሚሠሩ ሱቆች አሉ። አሮጌውን ይዘው ይሂዱ እንጂ በሜትር ለክተው በስልክ አይንገሩ፤ የሽፋኑ ርዝመት፣ ሽቦው የሚወጣበትና የሚገባበት ልክ፣ የጫፎቹ ጥርስ፣ ማሰሪያው የሚነክስበት ቦታ ሁሉ ይፈለጋል። አሮጌውን ከመጎተትዎ በፊት ጫፉ ላይ ጠንካራ ሲባጎ ይሰሩበት። ኬብሉ ሲወጣ ሲባጎው መንገዱን ይዞ ይቀራል፤ አዲሱን በዚያው ይስቡታል። ከጭስ ቧንቧው ግን ያርቁት፤ ሲታጠፍም ሰፋ ባለ ትሪ ዙሪያ እንደተጠመጠመ ይሁን። ጠበብ ያለ እጥፋት አዲሱን ኬብል ከመጀመሪያው ቀን ያከብደዋል።

ሰው የሚሳሳተው ልክ ማስያዙ ላይ ነው። ብዙዎች ከላይ ያለውን ፊደል እያዩ ያጠብቃሉ። ፊደሉ ወረቀት ነው፤ ማርሹ ያለው ካምቢዮው ውስጥ ነው። መጀመሪያ ክንዱን በእጅዎ እስከ «ፒ» ማረፊያው ያድርሱት፤ ቀጥሎ እጀታውን «ፒ» ላይ ያስቀምጡ፤ ከዚያ የኬብሉን ጫፍ ሳይጎትቱና ሳይገፉ ቀዳዳው ውስጥ ዝም ብሎ እስኪገባ ድረስ ያስተካክሉና ዳዶውን ያጥብቁ። አንድ ሰው ከላይ ማርሹን ይቀያይር፣ እርስዎ ከታች ያዳምጡ፤ እያንዳንዱ «ጠቅ» ከእጀታው ማረፊያ ጋር መግጠም አለበት። በሁለት ማረፊያ መካከል ከቀረ ውስጥ ያለው ቫልቭ በከፊል ይከፈታል፤ የዘይቱ ግፊት ይወርዳል፤ የካምቢዮው ፍሪሲዮኖች እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ።

በ«ፒ» እና በ«አር» መካከል መቅረት ደግሞ ከገንዘብም ያለፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 መጨረሻ ፎርድ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተስማምቶ፣ ከ1966 እስከ 1980 ለተሠሩ ወደ 23 ሚሊዮን መኪኖች ባለቤቶች የማስጠንቀቂያ ተለጣፊ ሊልክ ተገዷል። ክርክሩ «ፒ» ላይ ቆመ የተባለው መኪና፣ ሞተሩ እየሠራ፣ በራሱ ወደ ኋላ ይሄዳል የሚል ነበር። ኬብል ቀየሩም አልቀየሩም፣ ከመውረድዎ በፊት የእጅ ፍሬን ይያዙ።

የመጨረሻው ፍተሻ አጭር ነው። ፍሬን ረግጠው በእያንዳንዱ ማረፊያ ቁልፉን ያዙሩ፤ ሞተሪኖው መሥራት ያለበት «ፒ» እና «ኤን» ላይ ብቻ ነው። «አር» ላይ የኋላ ማርሽ መብራት መብራት አለበት፤ በ727 ሁለቱንም የሚያዘው ካምቢዮው ጎን ላይ የተጠመዘዘው አንድ ስዊች ነው። ወዳጄ «አር» ሲያስገባ እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። «በራ!» ስለው ወርዶ መጥቶ ዝም ብሎ አየው። ከገዛው ጀምሮ በርቶ አያውቅም፤ አምፖሉን ሁለት ጊዜ ቀይሮታል።