ነገርን ከሥሩ

በጎብዬ ሜዳ ማሽላ የዘራ ገበሬ ሁሉ አቀንጭራን ያውቃል። አቀንጭራ ከመሬት ብቅ ብሎ ሲያብብ ለዓይን ያምራል። ማሽላው ግን ያን ጊዜ ተጎድቷል። አረሙ ከአፈር በታች ሆኖ የማሽላውን ሥር ይዞ ሲመጠው ሰንብቷልና። ዘሩም እንደ አቧራ የደቀቀ ነው። በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል፤ የማሽላ ሥር ሲቀርበው ይነቃል።

የእርስ በርስ ጦርነትም እንዲሁ ነው። ተኩሱን የምንሰማው በመጨረሻ ነው። ምክንያቱ ግን ቀደም ብሎ ከሥር ሲሠራ ቆይቷል። ስለዚህ አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ።

፩. ጦርነቱን ማን ጀመረው?

ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ሠራዊት ሲወጣም ሲወርድም በደጃችን ያልፋል። የሰሜኑ ጦርነት ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ተነሣ። በሐምሌ 2013 የሕወሓት ጦር ቆቦ ገባ። በታኅሣሥ 2014 ለቆ ወጣ። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ደግሞ ውጊያው በቆቦ አቅጣጫ እንደገና ጀመረ። ያን ዕለት መንግሥት «ሕወሓት ተኮሰ» አለ። ሕወሓትም «መንግሥት ተኮሰ» አለ። ጦርነቱ በፕሪቶሪያ ስምምነት የቆመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነው፤ ሁለት ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው። የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪ የነበሩት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ፣ የሞተው ሰው እስከ 600,000 ሊደርስ እንደሚችል ተናግረዋል።

ዛሬም ቡና ሲፈላ ክርክሩ ይነሣል። አንዱ «ሁሉም ነገር የጀመረው ጥቅምት 24 ሌሊት የሰሜን ዕዝ ሲጠቃ ነው» ይላል። ሌላው «የለም! በ2012 አገራዊው ምርጫ በኮሮና ምክንያት ሲራዘምና ትግራይ ለብቻዋ ስትመርጥ ነው» ይላል። ሦስተኛው «ኢሕአዴግ ፈርሶ ብልጽግና ሲመሠረትና ሕወሓት አልገባም ሲል ነው» ይላል። አራተኛው የእኛው የራያ ሰው ነው። «እናንተ ሰዎች፣ እነ አላማጣና ኮረም ከወሎ ተነሥተው ወደ ትግራይ ክልል ሲካለሉስ?» ብሎ ወደ 1984 ይመልሰናል።

ታዲያ ከእነዚህ ውስጥ ማን ዋሸ? ማንም አልዋሸም። ሁሉም የሆነ ነገር ነው የተናገሩት። ነገር ግን እያንዳንዱ ታሪኩን የሚጀምረው የሌላው ጥፋት ከሚታይበት ቀን ነው።

፪. መነሻና ምክንያት

ሁለት ገበሬዎች በወሰን ተጣልተው በዱላ ተማቱ እንበል። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። መጀመሪያ «ዱላውን ቀድሞ ያነሣ ማነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ የጠቡ መነሻ ነው። ቀጥለው «የወሰኑ ድንጋይ መቼ ተነቀለ? ማንስ ነቀለው?» ይላሉ። ይህ የጠቡ ምክንያት ነው። ሁለቱም ጥያቄዎች ያስፈልጋሉ። ዱላ ያነሣው ካሳ ይክፈል፤ ወሰኑ ግን ካልተስተካከለ ነገ ልጆቻቸው ይማታሉ።

ምክንያትን ማወቅ ማለት ጥፋትን ይቅር ማለት አይደለም። «ወሰኔ ተነክቶ ነበር» ያለ ሰው፣ ቤት ማቃጠሉና ሕፃን መግደሉ አይሰረዝለትም።

፫. ፓርቲና ሕዝብ

ፓርቲ ማለት ሥልጣን ይዞ አገርን በራሱ አሳብ ለመምራት የተሰበሰበ የሰዎች ማኅበር ነው። ማኅበር ስለሆነ ሰው ይገባበታል፣ ይወጣበታል። ፓርቲን መደገፍ ነውር አይደለም። ነውሩ ፓርቲን እንደ ዘመድ፣ ሌላውን ሕዝብ እንደ ጠላት መቁጠር ነው።

ፓርቲዎች ሲመጡና ሲሄዱ በዓይናችን አይተናል። ኢሠፓ በ1977 ተመሠረተ፤ በ1983 ከደርግ ጋር ወደቀ። ኢሕአዴግ ግንቦት 20 ቀን 1983 አዲስ አበባ ገባ፤ በ2012 ፈረሰ። ኢሕአፓና መኢሶን ሁለቱም ስለ ጭቁኑ ሕዝብ እንታገላለን ይሉ ነበር። ነገር ግን በ1969 የአንድ አገር የተማሩ ልጆች በፓርቲ ተከፍለው ተገዳደሉ። ፓርቲው ሲሄድ ሐዘኑ በእናቶች ቤት ቀረ።

በራያ አማርኛም ትግርኛም ይነገራል። ተጋብተናል፣ ተዋልደናል፣ በአንድ ገበያ እንገበያያለን። ሕወሓት ማለት የትግራይ ሕዝብ ማለት አይደለም። ብልጽግና ማለትም ኢትዮጵያ ማለት አይደለም። ይህን መለየት ያቃተን ጊዜ ጎረቤታችንን ለማናውቀው ባለሥልጣን ዕዳ እናስከፍለዋለን። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በመንግሥትና በፋኖ መካከል ውጊያ ሲነሣ ደግሞ ፈተናው ወደ አንድ ቤት ገባ። ወንድማማቾችም ጎራ የለዩበት ጊዜ ሆነ።

፬. ሦስት ጥያቄዎች

ስለ ጦርነት ስንከራከር ሦስት ነገር እንጠይቅ።

አንደኛ፦ ታሪኩን ከየት ጀመርከው? ከዚያ በፊትስ ምን ነበር?

ሁለተኛ፦ ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው? ከሰማኸውስ ከማን? ሬዲዮውም ባለቤት አለው።

ሦስተኛ፦ ይህን ያደረገው የእኛ ወገን ቢሆን ኖሮ ምን እንል ነበር?

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ጳጉሜ 4 ቀን 2013 በቆቦ የትግራይ ተዋጊዎች ሰላማዊ ሰዎችን ገደሉ። እኛ ይህን አንረሳም፤ ሟቾቹ የእኛው ሰዎች ናቸው። ኅዳር 19 እና 20 ቀን 2013 ደግሞ በአክሱም ከተማ የኤርትራ ወታደሮች ሰላማዊ ሰዎችን ገደሉ። እነዚያም ሟቾች እናት ነበራቸው። ለቆቦ አልቅሶ ለአክሱም «ይበላቸው» የሚል፣ ወይም ለአክሱም አልቅሶ የቆቦውን «ውሸት ነው» የሚል ሰው፣ እውነትን ለፓርቲው አበድሯል። በሰው ሞት መሐል ወገን የሚመርጥ ልብ ለሚቀጥለው ጦርነት የተዘጋጀ ልብ ነው።

ማጠቃለያ

በከተማችን ስም «ጎብዬ» ተብሎ የተሰየመ የማሽላ ዝርያ አለ። ተመራማሪዎች ያወጡት አቀንጭራን እንዲቋቋም ነው። የዚህ ማሽላ ሥር የተኛውን የአቀንጭራ ዘር እንደ ሌላው ማሽላ አይቀሰቅስም። ዘሩ በአፈሩ ውስጥ አለ፤ የሚቀሰቅሰው ካጣ ግን ብዙ አይበቅልም።

በእኛም አፈር ውስጥ የቂም ዘር አለ። የለም ብንል ራሳችንን እናታልላለን። ማንበብና መጻፍ የተማርነው መፈክር ለማንበብ ብቻ አይደለም። የሰማነውን ለመመርመር፣ ልጆቻችን በማያውቁት ጠብ እንዳይማገዱ ለመጠየቅ ነው።

እንወያይ

1. የጠብ መነሻና የጠብ ምክንያት ልዩነታቸው ምንድን ነው? በአካባቢያችሁ ከታየ የወሰን ክርክር ምሳሌ ስጡ።
2. አራቱ ተከራካሪዎች ታሪኩን ከየት ከየት ጀመሩ? እናንተስ ከየት ትጀምራላችሁ? ለምን?
3. የምትደግፉት ወገን የሠራውን አንድ ጥፋት ለመናገር ትችላላችሁ?