የወተት አማና፦ ከማለቢያው እስከ ብርጭቋችን

በዛሬው የጤናና የአመጋገብ ዓምዳችን በየቀኑ ወደ ቤታችን ስለሚገባ፣ ተቆጣጣሪ ግን ስለማያየው አንድ ምግብ እንማማራለን። እርሱም ከጎረቤት የምንገዛው ጥሬ ወተት ነው።

ነገሩን ከአንድ ገጠመኝ እንጀምር። በምሠራበት መድኃኒት ቤት አንድ አባት በአራት ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ መጡና «ልጄ፣ ያንኑ የታይፎይድ መድኃኒት ስጪኝ» አሉኝ። ትኩሳቱ ማታ ማታ ይነሳባቸዋል፤ ሌሊት ልብሳቸው እስኪረጥብ ያልባቸዋል፤ ወገባቸውንና መገጣጠሚያቸውን ይቆረጥማቸዋል። መድኃኒቱን ሲወስዱ ቀለል ይላቸውና ተመልሶ ይመጣል። «አባባ፣ ወተት እንዴት ነው የሚጠጡት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እንደታለበ ነዋ! አረፋው ሳይጠፋ። ወተት ከፈላማ ምን ጉልበት አለው?» አሉኝ። መድኃኒቱን ከመስጠት ይልቅ ሆስፒታል ሄደው እንዲመረመሩ መከርኳቸው። በሽታው ብሩሴሎሲስ ሆኖ ተገኘ። ስድስት ሳምንት ሙሉ መድኃኒት ወስደው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ዳኑ።

ከባዱ ጥያቄ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወተቱን የሚገዙት ከጎረቤታቸው ነበር። እርሷም ባሏ የሞተባት፣ የቲሞችን የምታሳድግ እናት ናት። ያለቻት አንዲት ላም ስትሆን ከእርሷ ወተት የሚወስዱ ሌሎች ቤቶችም አሉ። ነገሩ ከተወራ የልጆቿ ጉርሻ ይቋረጣል። ካልተወራ ደግሞ ሌላ ሰው ይታመማል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? መልሱን ከመጨረሻው ላይ እናገኘዋለን፤ አስቀድመን ግን ጉዳዩን እንወቅ።

ሕጉ የት ድረስ ይደርሳል?

በአገራችን ምግብን የሚመለከተው ዋና ሕግ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 661 የተካ ነው። የተበላሸ፣ የተበከለ ወይም ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ምግብ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ለጥሬ ወተትም አገር አቀፍ ደረጃ ወጥቶለታል። በወረዳ ደረጃ የጤና ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪዎች ሱቅና ምግብ ቤት ይፈትሻሉ፤ የእንስሳት ክሊኒክ ደግሞ ከብት ያክማል።

ነገር ግን በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤል ወይም በዓለም ከተማ ወተት እንዴት እንደሚሸጥ ሁላችንም እናውቃለን። አንዲት የሐበሻ ላም በቀን የምትሰጠው አንድ ወይም ሁለት ሊትር ነው። ከዚያ ላይ ለልጅ ይቀነስለታል፤ የተረፈው በጄሪካን ወይም በፕላስቲክ ጠርሙስ ሆኖ ጠዋት ጎረቤት በር ላይ ይደርሳል። ደረሰኝ የለም፤ ምርመራ የለም፤ ያለው መተዋወቅ ብቻ ነው። በአገራችን ከሚሸጠው ወተት አብዛኛው በዚሁ መንገድ የሚያልፍ ነው።

ታዲያ የታሸገ ወተት ብቻ እንጠጣ? ዘመናዊው የወተት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1947 ለእርዳታ በመጡ 300 ያህል የፈረንጅ ላሞች አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ፤ ፋብሪካውም ገበያውም በዋናነት በዚያው ዙሪያ አደገ። በፕላስቲክ ከረጢት የታሸገው ግማሽ ሊትር ወተት ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ ይበላሻል፤ ዋጋውም ልጆች ለበዙበት ቤት ይከብዳል። ስለዚህ ጥሬ ወተት ይከልከል ብንል፣ የሚጎዱት ሌላ ወተት የማያገኙት ሕፃናትና ሌላ ገቢ የሌላቸው እናቶች ናቸው።

ሌሎች አገሮችም በዚህ ጉዳይ አንድ ዓይነት ሕግ የላቸውም። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ1983 የጥሬ ላም ወተት ሽያጭን ከለከለች። ጎረቤቷ እንግሊዝ ግን አርቢው ማስጠንቀቂያ ጽፎ በቀጥታ ለጠጪው እንዲሸጥ ትፈቅዳለች። ኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2004 አካባቢ ጀምሮ ጥሬ ወተት ነጋዴዎችን ከማሳደድ ይልቅ ንጽሕና አስተምሮ ፈቃድ የመስጠትን መንገድ ያዘች። ለእኛ አካባቢ የሚቀርበው ይኸኛው ነው። ደግሞም የመንዝ ሕዝብ ከመንግሥት ሳይጠብቅ ሥርዓት ማውጣትን ያውቃል። የጓሳ ሣር መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚታጨድ ሕዝቡ ራሱ «ቄሮ» በተባለው ሥርዓት እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ለዘመናት ሲያስከብር ኖሯል። ሣሩን የጠበቀ ሕዝብ ወተቱን መጠበቅ አያቅተውም።

በጥሬ ወተት ውስጥ ምን ሊኖር ይችላል?

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ነሕል 66ኛ አንቀጽ ወተትን ከእንስሳት ሆድ ለጠጪዎች ንጹሕ አድርጎ ማውጣቱን እንደ ታላቅ ምልክት ያወሳልናል። ይህን ጸጋ የሚበክለው የላሟ በሽታ፣ የአላቢው እጅና የዕቃው ቆሻሻ ነው።

አንደኛው ብሩሴሎሲስ ነው። ላሟን ያስወርዳታል፤ ጀርሙም በወተቷ ይወጣል። በሰው ላይ ቀደም ብለን ያየነውን ዓይነት ትኩሳት ያመጣል። ከታይፎይድና ከወባ ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ያለ ምርመራ መድኃኒት እየገዛ ይንከራተታል። ሕክምናው ሁለት ዓይነት መድኃኒት ተጣምሮ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት የሚወሰድበት ነው፤ መሐል ላይ ካቋረጡት ይመለሳል። ነፍሰ ጡርንም ሊያስወርዳት ይችላል።

ሁለተኛው የከብት ቲቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ከተመረመሩት የወተት ላሞች 30 በመቶ ያህሉ፣ ከመንጋዎቹም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽታው እንዳለባቸው አሳይቷል። ችግሩ የሚበረታው በፈረንጅ ዝርያና ላሞች በአንድ በረት በሚታጎሩበት ቦታ ነው። በሜዳ በሚግጡ የሐበሻ ላሞች ላይ ዝቅ ይላል፤ ፈጽሞ የለም ማለት ግን አይደለም።

ሦስተኛው ከእበት፣ ካልታጠበ እጅና ከጄሪካን ወደ ወተቱ የሚገባው የተቅማጥ ጀርም ነው። ሕፃናትን ቶሎ የሚጥለው እርሱ ነው።

አንዳንዶች «የመንዝ ብርድ ጀርም አያስኖርም» ይላሉ። ብርድ የጀርሙን መራባት ያዘገያል እንጂ አይገድለውም። «እርጎ ከሆነማ ችግር የለውም» የሚሉም አሉ። ወተቱ መኮምጠጡ አንዳንዱን ጀርም ያዳክማል፤ ብሩሴላና ቲቢ ግን በእርጎም፣ በአሬራም፣ በለጋ ቅቤም ውስጥ ሊቆዩ ይችላሉ። ዕቃን በወይራ ማጠን መልካም ልማድ ነው፤ የማፍላትን ቦታ ግን አይተካም። ለአራስ ልጅ ለጋ ቅቤ ማስዋጥም ፈጽሞ ሊቀር ይገባዋል። ልጅ እስከ ስድስት ወር ከእናቱ ጡት በቀር ሌላ አያስፈልገውም።

ማፍላት ምን ያደርጋል? ምን አያደርግም?

ከላይ የጠቀስናቸውን ጀርሞች ለመግደል ወተትን በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ማሞቅ ይበቃል። በከፍታ ቦታ ፈሳሽ ቶሎ ስለሚፈላ «የእኛ አገር ፍል ይበቃል ወይ?» ትሉ ይሆናል። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ላይ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ከበቂ በላይ ነው። በማፍላት የሚቀንሰው ጥቂት ቫይታሚን ብቻ ነው። ሥጋና አጥንት የሚገነቡት ፕሮቲንና ካልሲየም በቦታቸው ይቀራሉ። ስለዚህ የፈላ ወተት ጉልበት የለውም የሚለው አባባል ትክክል አይደለም።

አፈላሉ እንዲህ ነው፦

1. ወተቱ እንደመጣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልላችሁ ወዲያው ጣዱት።
2. እያማሰላችሁ ገንፍሎ እስኪነሳ ጠብቁ፤ ከተነሳም በኋላ እሳቱን ቀንሳችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ አቆዩት።
3. ሲፈላ ከተቆራረጠ ቆይቶ የኮመጠጠ ነውና ለሕፃን አትስጡ።
4. የፈላውን ወደ ጥሬው ጄሪካን አትመልሱ፤ የትናንቱን ከዛሬው አትቀላቅሉ።
5. ክደኑት። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሳይከደን የመጣላቸውን የወተት ዕቃ አይተው፣ ቢያንስ እንጨት እንኳ ጋደም ተደርጎበት ቢሆን ማለታቸው በቡኻሪና በሙስሊም ሐዲሶች ተዘግቧል።
6. እርጎ ስትፈልጉ መጀመሪያ አፍልታችሁ ለብ ሲል በጥሩ እርጎ እርሾ አርጉት።

ማፍላት የማያጠፋቸው ሁለት ነገሮች ግን አሉ። አንደኛው አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት፣ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተወሰዱ 110 የወተት ናሙናዎች የአውሮፓን መጠን ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። ዋና ምንጩም የኑግ ፋጉሎ ነበር። በሣርና በገለባ የሚቀለቡ የደጋ ላሞች ከዚህ የተሻለ ዕድል አላቸው። የሻገተ ፋጉሎ ወይም የሻገተ ድርቆሽ የምትበላ ላም ግን ያው ናት።

ሁለተኛው ለላሟ የተሰጠ መድኃኒት ነው። ጡቷ ያበጠ ላም ፔኒሲሊን ወይም ኦክሲቴትራሳይክሊን ስትወጋ መድኃኒቱ በወተቷ ለቀናት ይወጣል። ለፔኒሲሊን አለርጂ ያለበትን ሰው ሊጎዳ ይችላል፤ ጀርሞችም መድኃኒቱን እንዲለምዱት ያግዛል። በዕቃው ላይ ወተቱ ሳይሸጥ የሚቆይበት የቀን ብዛት ተጽፏል፤ የእንስሳት ሐኪሙን ጠይቁት። እነዚህን ሁለቱን ምድጃ አይመልሳቸውም፤ የሚመልሳቸው የሻጭ እውነተኛነት ብቻ ነው።

የሻጭ አማና፣ የገዢ አማና

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ወተትን በውሃ ማቅጠንን ከልክለው ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያወሱት ሌሊት ከተማውን ሲቃኙ አንዲት እናት ልጇን ውሃ ጨምሪበት ስትላት ሰሙ። ልጅቱም ዑመር ባያዩን የዑመር ጌታ ያየናል በማለት እምቢ አለች። ዑመርም በዚህ ተደስተው ለልጃቸው አጋቧት። ተቆጣጣሪ የማይደርስበት ቦታ የሚቆጣጠረው ይህ ነው። የሚያታልል ከእኛ አይደለም የሚለውን የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ማስጠንቀቂያም ሁላችን እናውቀዋለን። ውሃ መቀላቀል ደግሞ ከማታለልነቱ ሌላ በሽታ ነው፤ የወንዙ ውሃ ተቅማጥን ይዞ ይገባልና።

ይሁንና አማና የሻጭ ብቻ አይደለም። ሴትዮዋ «ላሜ መርፌ ተወግታለች፤ ይህን ሳምንት አልሸጥም» ስትል ደንበኞቿ ሁሉ በዚያው ከቀሩ፣ በሚቀጥለው ጊዜ እውነቱን ትናገራለች ወይ? እውነት የተናገረን ሰው በረሃብ የምንቀጣ ከሆነ ውሸትን ያስተማርናት እኛ ነን። ስለዚህ ከአንዲት ሻጭ የሚገዙ ቤተሰቦች ተነጋግረው የዚያን ሳምንት ሒሳብ ቢያዋጡላት ወይም ለሚቀጥለው ወተት ቀብድ ቢሰጧት ሰደቃም ነው፣ የገዛ ልጆቻቸውን ጤናም መጠበቅ ነው። ሻጯም ስለ አራት ነገር ትጠየቅ፦ ላሟ አስወርዳ ታውቃለች? መድኃኒት ላይ ናት? ምን ትበላለች? ወተቱ መቼ ታለበ?

የመጨረሻው ጥያቄ በጾም ወራት ይበልጥ ያስፈልጋል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በዐቢይ ጾም ወተት ስለማይጠጡ ወተት ይበዛል፤ ዋጋውም ዝቅ ይላል። በ2017 ዓ.ም. እንደሆነው ረመዷን ከዚያ ጋር ሲገጥም ደግሞ ለእኛ ታላቅ ገር ነው። ነገር ግን ለቅቤ ተብሎ ሲጠራቀም የቆየ እንዳይሆን ጠይቁ። ለፍጡር የሚመጣውንም የማታ ወተት እንደታለበ ከመጠጣት፣ አዛን ሳይደርስ አፍሉት። ባዶ ሆድ ላይ የሚገባ ነውና የበለጠ ጥንቃቄ ይገባዋል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። እኒያ አባት ነገሩን በመስጊድ ደጅ አላወሩትም። ባለቤታቸውን ይዘው ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄዱና ለብቻዋ ነገሯት። አለቀሰች፤ ላሟ አምና ማስወረዷንም ያን ጊዜ ተናገረች። ከዚያ ራሷ ለደንበኞቿ «አፍልታችሁ ጠጡ» ብላ አስታወቀች፤ የእንስሳት ሐኪምም ጠራች። ከደንበኞቿ አንዱ ብቻ ቀረ። ላሟን ደብቃ ለሌላ አርቢ ብትሸጣት ጥሩ ዋጋ ታገኝ ነበር፤ ነውርን ደብቆ መሸጥ ሐራም ነው ብላ ሁኔታውን ተናግራ ለዕርድ ሸጠቻት። ያገኘችው ገንዘብ ሌላ ላም አልገዛላትም። ጎረቤቶቿ ጥጃ ለመግዛት ማዋጣት ጀምረዋል፤ ገና አልሞላም። የአማናን ዋጋ አንድ ሰው ብቻውን እንዳይከፍለው ማድረግ የጀመዓ ሥራ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ለቤተሰብ መወያያ

1. የምንጠጣው ወተት ከማን ላም ነው? አራቱን ጥያቄዎች ጠይቀን እናውቃለን?
2. ቤታችን ወተት ሳይፈላ የሚጠጣ ማን አለ? ለምን?
3. ሻጫችን እውነቱን ብትነግረን ምን እናደርግላታለን?

ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የአንገት እብጠት ያለበት ሰው መድኃኒት ከመግዛቱ በፊት ይመርመር፤ ጥሬ ወተት ይጠጣ እንደነበረም ለሐኪሙ ይንገር።

አላህ (ሱ.ወ) ሲሳያችንን ሐላልና ጤናማ ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።