ወገብ ላይ የሚለጠፈው መሣሪያ ምን ያህል ይታመናል?

ጥያቄ፦ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነው የምውለው። ስጎብጥ የሚንቀጠቀጥ፣ ወገብ ላይ የሚለጠፍ መሣሪያ ገዝቻለሁ። የሚሰጠኝን ቁጥር ልመነው?

መልስ፦ ወደ ፊት ማዘንበልዎን ሲነግርዎት በአብዛኛው ይመኑት፤ የወገብዎን ቅርጽ ሲነግርዎት ግን አይቸኩሉ። በውስጡ ያለው አክስለሮሜትር የሚያውቀው ራሱ ከመሬት ስበት አንጻር ስንት ዲግሪ እንዳዘነበለ ብቻ ነው። ወንበር ላይ ሆነው ከዳሌዎ ወደ ጠረጴዛው ዘንበል ቢሉ፣ አከርካሪዎ ምንም ሳይጎብጥ ቁጥሩ 20 ዲግሪ ሊዘል ይችላል። ተመራማሪዎች አንዱን መሣሪያ ከወገብ በላይ፣ ሌላውን ከወገብ በታች ዳሌው አጥንት ላይ ለጥፈው ልዩነቱን የሚያሰሉት ለዚህ ነው። «የእኔ እኮ በየቀኑ ያው ቁጥር ነው» ይሉ ይሆናል። አምስት ደቂቃ የሚቀድም ሰዓትም በየቀኑ እኩል ይቀድማል። ያ ተመሳሳይነት ራሱ የሚጸናው መሣሪያው ሳይነቀል ሲቆይ ነው፤ ነገ ሁለት ጣት ዝቅ አድርገው ቢለጥፉት መነሻው ይለወጣል፣ ቆዳም በአጥንቱ ላይ ይንሸራተታል። ወገብን ጠምዝዞ መዞርን ሲለካማ ይብስበታል፤ ስበት ስለማያግዘው የመዞር ፍጥነትን በሚለካ ጋይሮስኮፕ ይተማመናል፣ እሱ ደግሞ ስህተቱን እያጠራቀመ ይሄዳል። ታዲያ ይጣል? የለም። ጠዋት ሲለጥፉት ቀጥ ብለው ተቀምጠው መነሻውን ያስተካክሉ፤ ከዚያ ዲግሪውን ይተዉትና ስንት ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ እንደቆዩ ይዩበት።